የፓርኪንግ ክሱን እንዴት ተገላገልኩት
ለንደን፣ አንድ ሱፐርማርኬት ግቢ ውስጥ መኪናችን ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ቆየች። የግል ፓርኪንግ ድርጅቱ 100 ፓውንድ ጠየቀ። ፖሊስም ማዘጋጃ ቤትም ስላልሆነ ናቅኩት። ደብዳቤዎቹን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው። ከወራት በኋላ የካውንቲ ኮርት (የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት) ክስ መጣ። እሱን ዝም ካልከው ሳትሰማ ይፈረድብሃል። በአንድ ወር ካልከፈልክ ደግሞ ስምህ 6 ዓመት የፍርድ ዕዳ መዝገብ ላይ ይቆያል።

መጀመሪያ ክሱ እንደደረሰኝ ለፍርድ ቤቱ ኦንላይን አሳወቅኩ። ክሱ ከወጣበት 5 ቀን ሲቆጠር ደረሰ ይባላል፤ ከዚያ ለማሳወቅ 14 ቀን አለህ። በጊዜው ካሳወቅክ ለመልስህ በድምሩ 28 ቀን ታገኛለህ።

ከዚያ መሳቢያውን ገልብጬ የደብዳቤዎቹን ቀን ቆጠርኩ። ነገሩ ያለው እዚህ ነው። በ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) የነጻነቶች ጥበቃ ሕግ፣ ሠንጠረዥ 4 መሠረት፣ ሹፌሩ ካልታወቀ መኪናው በስሙ የተመዘገበውን ሰው ለመጠየቅ መስፈርት አለ። መስታወቱ ላይ ወረቀት ካልተለጠፈ፣ ደብዳቤው መኪናው ከቆመበት ቀን በኋላ በ14 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የእኔ ገና የተጻፈው በ23ኛው ቀን ነበር! ስለዚህ መኪናው በስሜ ስለተመዘገበ ብቻ ሊጠይቁኝ አይችሉም። ሹፌሩን ለድርጅቱ የመንገር ግዴታም የለብኝም። «አልነዳሁም» ግን አላልኩም፤ ፍርድ ቤት መዋሸት ሌላ ጣጣ ነው። «ሹፌሩ ማን እንደነበር ያስረዱ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። «ገንዘቡ በዛ» የሚለውን ተውኩት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በሌላ የፓርኪንግ ጉዳይ 85 ፓውንድ አልበዛም ብሏላ።

አስታራቂ ደወለ፣ አልተስማማንም። የችሎት ቀን ተቆረጠ። ድርጅቱ የችሎቱን ክፍያ ሳይከፍል ክሱን ማንሳቱን የሚገልጽ ወረቀት ላከ። ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።