እስስትዎ ታማለች ወይስ ተጨንቃለች? ከቀለሟ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

እስስት የሚያሳድግ ሰው ጠዋት መጀመሪያ የሚያየው ቀለሟን ነው። ጠቁራ ካገኛት ይደነግጣል፤ አረንጓዴ ሆና ካገኛት እፎይ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሁለቱም ስህተት ሊሆን ይችላል። ከምልክቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ቀለም ነውና በምርመራው መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል።

እስስት አጠገቧ ያለውን ቅጠል ወይም ጨርቅ ለመምሰል ትለዋወጣለች የሚለው እምነት ሰፊ ነው። ቀለሟን የምትለውጠው ግን በዋናነት የሰውነቷን ሙቀት ለማስተካከልና ለሌላ እስስት ስሜቷን ለማሳየት ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በማዳጋስካር እስስት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በቆዳዋ ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲጠጋጉና ሲራራቁ የሚያንጸባርቁት ብርሃን እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ስለዚህ ማለዳ የጠቆረች እስስት አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ እየሰበሰበች ነው። እኩለ ቀን ላይ አፏን ከፍታ የገረጣች ሙቀት በዝቶባታል። ሌሊት የገረጣች ተኝታለች። ለጥቂት ቀናት ደብዝዛ ምግብ የቀነሰች ደግሞ ቆዳዋን ልትጥል ይሆናል። የሚያሳስበው ሰውነቷ ከሞቀ በኋላም ቀኑን ሙሉ ጠቁራ የምትውል ከሆነ ነው።

አስቀድሞ መባል ያለበት ነገር አለ። እስስት የዱር እንስሳ ናት፤ የዱር እንስሳን ከተፈጥሮ ይዞ ለማሳደግ በአገራችን ሕግ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጆች ከግቢው ቡገንቪላ ላይ ያወረዷት ጤነኛ እስስት ከሆነች ቀጥሎ ያለውን ማንበብ አያስፈልግዎትም፤ እዚያው ቡገንቪላ ላይ ይመልሷት።

ሳይነኩ ማየት

ምርመራው የሚጀምረው በእጅ ሳይሆን በዓይን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ሰውነቷ ከሞቀ በኋላ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ይቀመጡና ለሃያ ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቷት። ከተነካች ትቆጣለች፤ የተቆጣች እስስት ደግሞ የታመመች ትመስላለች። በዚያ ላይ በዱር ለአዳኝ የምትዳረግ እንስሳ በመሆኗ ድካሟን እስከምትችለው ድረስ ትደብቃለች። ምልክቱ ለእኛ በሚታይበት ቀን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሰነበተ ነው።

ጤነኛዋ ቅርንጫፉን አጥብቃ ትይዛለች፣ ሆዷን ከእንጨቱ ከፍ አድርጋ ትራመዳለች፣ ሁለት ዓይኖቿን ለየብቻ እያዞረች አካባቢዋን ትቃኛለች፣ የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ስታይ ሁለቱንም ወደ እሱ ታነጣጥራለች። ከወለሉ ላይ ተቀምጣ የምትውል፣ ሆዷን እንጨቱ ላይ ጥላ የምትጎተት፣ ወይም ጭራዋ ተንጠልጥሎ የቀረ እስስት ግን ከባድ ችግር አለባት።

ዓይን

አንድ ነገር ብቻ የማየት ጊዜ ካለዎት ዓይኗን ይዩ። እስስት ቀን ላይ አትተኛም። በብርሃን ሰዓት ዓይኗን ጨፍና ካገኟት፣ አንዱንም ቢሆን፣ «ደክሟት ነው» ብለው አይለፉት።

ከዚያ ቅርጹን ይመልከቱ። የዓይኗ ቆብ ከጫፉ ትንሽ ቀዳዳ በቀር ዓይኗን ሸፍኖ ወደ ውጭ የወጣ ድቡልቡል ሾጣጣ ነው። ወደ ውስጥ ከሰረጎደና ዙሪያው ጎድጓዳ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውኃ እጥረት ነው። አዳማ ላይ ይህ በብዛት ቢያጋጥም አይገርምም፤ በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የኃይል ማመንጫዎቹን የሚያሽከረክረው ነፋስ በረንዳ ላይ የተቀመጠችን እስስትም ያደርቃል። አቧራውም አብሮ ይመጣል። ዓይኗን ደጋግማ ቅርንጫፍ ላይ የምታሽ ከሆነ ብናኝ ገብቶባት ይሆናል፤ ንጹሕ ለብ ያለ ውኃ በደቃቁ ለብዙ ደቂቃ ሲረጭላት ራሷ እያዞረች ታጥበዋለች።

ዓይኑ ካበጠ ነገሩ ሌላ ነው። መቁሰል፣ በጀርም መመረዝ ወይም የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ስለሚችል በእይታ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ለሕፃናት የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ እንክብል ለእሷ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ለሕፃን የተመጠነው ለአንድ መቶ ግራም እንስሳ መርዝ ነው። ለመቀመጫ የሚሆናትን ቅርንጫፍ ከግቢ አጥር ሲቆርጡም ቅንጭብን ይተዉት፤ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል።

አያያዝ፣ እግርና መንጋጋ

ስትወጣ የፊት እግሮቿን ያስተውሉ። የክንዷ አጥንት ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ክንዷ እንደ ቀስት ከጎበጠ፣ ስትራመድ ከተንቀጠቀጠች፣ የታችኛው መንጋጋዋ ከለሰለሰ ወይም አፏ ሙሉ በሙሉ የማይገጥም ከሆነ አጥንቷ ካልሲየም አንሶታል። የምላስ መድከምም ከዚሁ ጋር ይመጣል። ቀድሞ በአንድ ውርወራ ፌንጣ ትይዝ የነበረችው አሁን ምላሷ ግማሽ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ወይም ቀርባ በአፏ ለመልቀም ትሞክራለች።

ይህ በሽታ ጨቅላ ሕፃን የጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ሲቀር ከሚመጣው ሪኬትስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ካልሲየም ቢበላም ሰውነት የሚጠቀምበት በቫይታሚን ዲ አማካይነት ነው፤ ቫይታሚኑን ደግሞ ቆዳ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ያዘጋጀዋል። አዳማ የሚያህል ፀሐይ ባለበት ከተማ የፀሐይ እጥረት መስማት ሊያስቅ ይችላል። ነገር ግን ጨረሩን የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል። ሳሎን ውስጥ በመስታወት በኩል ቀኑን ሙሉ «ፀሐይ የምትሞቅ» እስስት የምታገኘው ሙቀቱን ብቻ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በሽቦ ቤቷ ውስጥ ሆና፣ ግማሹ ጥላ እንዲሆንላት አድርጎ፣ ግቢ ማውጣት። ካልሲየሙን በተመለከተ ፌንጣ ፎስፈረስ የበዛበትና ካልሲየም ያነሰው ምግብ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ዱቄት እስኪሆን ወቅጦና በወንፊት ነፍቶ፣ ፌንጣዎቹን ከረጢት ውስጥ ከጥቂት ዱቄት ጋር ነቅነቅ አድርጎ መስጠት ይጠቅማል። ፌንጣዎቹ ራሳቸው ከአንድ ቀን በፊት ጎመን ቢበሉ ደግሞ የተሻለ ነው። አንዴ የጎበጠ አጥንት ግን በዱቄት አይቀናም፤ ሐኪም ይፈልጋል።

አፍና ትንፋሽ

አፍ መክፈት ሦስት ትርጉም አለው፤ ልዩነቱ በአብረውት በሚታዩት ነገሮች ይታወቃል። እርስዎ ሲጠጉ ከፍታ፣ ጎኗን አስፍታ፣ እስትንፋሷን እያፏጨች ከሆነ እያስፈራራች ነው። ገርጥታ በቀትር ከሆነ ሙቀት ነው። ማንም ሳይነካት፣ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓትም፣ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ቀና፣ አፏን ከፈት አድርጋ የምትተነፍስ ከሆነ፣ በተለይም አረፋ ወይም ንፍጥ ከታየ ወይም ትንፋሿ ቃ ቃ የሚል ድምፅ ካለው፣ የመተንፈሻ አካል ሕመም ነውና በቤት የሚያዝ አይደለም። በመንጋጋ ጠርዝ ላይ እንደ አይብ የጠጠረ ቢጫ ነገር ቢያዩም እንዲሁ ነው፤ የእስስት መግል አይፈስም፣ ይጠጥራል።

የከሰልና የዕጣን ጭስ ሳንባዋን ያሳምማል። ቡና የሚፈላው እሷ ባለችበት ክፍል ከሆነ አንዳችሁ ቦታ ቀይሩ። ለትንኝና ለበረሮ የሚረጨው መድኃኒትማ ከዚህም ይከፋል፤ ከቤት የተያዘ በረሮና ዝንብ ለምግብ የማይሆኑትም ለዚህ ነው።

ኩስና ክብደት

ኩሷ ሁለት ክፍል አለው፤ ቡናማውና ነጩ። ነጩ የሽንቷ ጠጣር ክፍል ነው። ነጭ ከሆነ ውኃ ይበቃታል፤ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ከሄደ ተጠምታለች። ቡናማው ቀጭን፣ እጅግ የሚሸት፣ ደም ወይም ትል ያለበት ከሆነ ትኩሱን በንጹሕ ብልቃጥ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ ነው። ከዱር የመጣች እስስት ጥገኛ ትሎች የሌሉባት መሆኗ ብርቅ ነው፤ በጭንቀት ስትዳከም ነው ትሎቹ የሚበረቱባት።

በሳምንት አንድ ጊዜ በግራም በሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ፣ ከምትይዘው እንጨት ጋር፣ ይመዝኗትና የእንጨቱን ይቀንሱ። በአጭር ጊዜ ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ካጣች መንስኤው ባይታወቅም ሐኪም ጋር መሄጃው ጊዜ ነው።

ሴት ከሆነች ሌላም ነገር አለ። እንቁላል የሚጥሉት ዝርያዎች ወንድ ባይኖርም እንቁላል ይቋጥራሉ። ምግብ ትታ፣ ሆዷ ጎርበጥበጥ ብሎ፣ ወለሉን እየጫረች ዕረፍት ካጣች ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋና አፈር በባልዲ ያቅርቡላትና ማንም አይያት። ቆፍራ ሳትጥል ዓይኗን ጨፍና ከደከመች በዚያው ዕለት ሕክምና ካላገኘች ልትሞት ትችላለች።

ጭንቀት የሚመጣው ከቤቷ ነው

እዚህ ድረስ የሕመም ምልክት ካልተገኘ፣ ግን ጠቁራ የምትውል፣ ቅርንጫፍ ጀርባ የምትደበቅ፣ ሽቦውን የምትቧጥጥና የማትበላ ከሆነ ቤቷን መመርመር ነው። ቁልቁል ሲያዩዋት አዳኝ ወፍ የመጣባት ይመስላታልና ቤቷ ወለል ላይ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፤ ከፍተኛው ቅርንጫፏ ከዓይንዎ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ቅጠል የሌለው ቤት መደበቂያ የሌለው ቤት ነው። መስተዋት ወይም የሚያንጸባርቅ የዓሣ ገንዳ መስታወት ካለ በራሷ ምስል ቀኑን ሙሉ ስትጣላ ትውላለች። «ብቻዋን እንዳትሆን» ተብሎ የተጨመረላት ሁለተኛ እስስት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ እስስት ጓደኛ አትፈልግም። የጎረቤት ድመት፣ ለእንግዳ ሁሉ እያወጡ ማሳየት፣ የወፍጮ ወይም የጄኔሬተር ንዝረትም አሉ። ድምፅ በደንብ አትሰማም፤ ንዝረት ግን በእግሯ ይሰማታል።

ቴርሞሜትር መግዛት ግድ ነው። ብዙዎቹ የቆላ እስስቶች የሚሞቁበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የቀረው ቤታቸው ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይስማማቸዋል። እንደ ባሌ ካለ ደጋ የሚገኙት ዝርያዎች ግን 29 ዲግሪ ራሱ ያስጨንቃቸዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የአዳማ በረንዳ በሚያዝያ ቀትር ከዚህ ሁሉ ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እርምጃ

ቤቷን በቀጭን ጨርቅ በሦስት ጎን ጋርደው ለሁለትና ለሦስት ቀናት አይንኳት። ውኃ ከሳህን አትጠጣም፤ በቅጠል ላይ የሚንቀሳቀስ ጠብታ ካላየች ውኃ መሆኑን አታውቅም። ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ከውኃ ጠርሙስ ጋር ገጥመው ከላይ ይስቀሉና መቆጣጠሪያውን በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ እንዲወርድ ያስተካክሉት። ጠብታው የላይኛውን ቅጠል መትቶ ወደ ታችኛው ሲወርድ አንዱ ዓይኗ ይከተለዋል፤ ትንሽ ቆይታ ቀርባ አፏን ታስጠጋለች። ውኃ በመርፌ ወደ አፏ መግፋት ግን አደገኛ ነው፤ የአየር ቧንቧዋ አፍ ከፊት ስላለ ውኃው ሳንባዋ ይገባል።

የከብት መድኃኒት በግምት መስጠትም እንዲሁ። ለበሬ የተዘጋጀ የትል መርፌ አንድ ጠብታው ለእሷ ከመጠን በላይ ነው። ከነኳት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳት ጥሩ ነው።

ዓይኗን ቀን ላይ የምትጨፍን፣ ወለል ላይ የምትውል፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ወይም አጥንቷ የጎበጠ ከሆነ ቀናትን መቁጠር ትርፍ የለውም። ከአዳማ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ፤ ተሳቢ እንስሳት የሚያይ ባለሙያ መኖሩን አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ የምትይዘው እንጨት አስገብተው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ይጓዙ፤ በሚኒባሱ ሞተር አጠገብ ባለው መቀመጫ አይቀመጡ። የዕለቱን ኩስ፣ የሳምንታቱን ክብደትና የቤቷን ፎቶግራፍ ይዘው ከሄዱ የሐኪሙ ግማሽ ሥራ ተሠርቷል።