ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለስጦታ የሚሆን የጠረጴዛ ልብስ እንዴት ይሠራል?

መቀስ ከማንሳትዎ በፊት የተቀባዩን ጠረጴዛ ርዝመት ይወቁ። እዚህ የምናሳየው 120 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጠረጴዛ፣ በመሃሉ የሚዘረጋ፣ ሲያልቅ ከነጠርዙ 38 በ158 የሚሆን ባለ ሦስት ድርብ ነው። በሁለቱም ጫፍ 19 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

የሚያስፈልገው፦
• 14 በ14 የሆኑ 39 ካሬዎች (20 ደማቅ፣ 19 ፈዛዛ)
• 44 በ164 የሆነ ገበር፤ ያልሳሳ የጥጥ አንሶላ ይበቃል
• ለመሃሉ ያንኑ ያህል ያረጀ ጋቢ
• ለጠርዙ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ፣ ተቀጣጥሎ 410 ሴንቲ ሜትር

በደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ በኮምቦልቻ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ቁርጥራጭ ሲለቅሙ ጥጥና ቴትሮን ተደባልቆ ይመጣል። አንድ ክር መዝዘው ያቃጥሉ፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ቴትሮን ግን ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል። ቴትሮኑን ይተውት፤ ጠንከር ያለ ካውያ አይችልም፣ ሲታጠብም ከጥጡ እኩል አይሰበሰብም። ለመሃሉ ጋቢ የምንመርጠው ደጋግሞ ስለታጠበ መሰብሰቡን የጨረሰ በመሆኑ ነው። አራት ድርብ ስለሆነ ሁለቱን ብቻ ይውሰዱ፤ አራቱም ከገቡ ጠረጴዛው ላይ አይተኛም።

ጨርቁን ሁሉ ሳይቆርጡ ይጠቡ። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይለቃሉ፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ደርበው በካውያ ሲጫኑት ነጩ ቀለም ከያዘ ውሃው እስኪጠራ ደግመው ይጠቡ፣ ካልጠራ አይጠቀሙበት። ከዚያ ድርና ማጉን ተከትለው ይቁረጡ። በሰያፍ የተቆረጠ ካሬ ሲሰፋ ይለጠጣል።

መገጣጠም፦ ሦስት ሦስት ካሬ ገጥመው 13 ረድፍ ይስፉ። አንዱ ረድፍ ደማቅ፣ ፈዛዛ፣ ደማቅ ሲሆን ቀጣዩ ፈዛዛ፣ ደማቅ፣ ፈዛዛ ይሁን። የስፌቱ ትርፍ በትክክል 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው፦ በእያንዳንዱ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከጨመሩ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚሄድ 4 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፤ ረድፎቹን በሚያያይዙት 12 ስፌቶች ደግሞ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። መኪናው ላይ ከመርፌው 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ ፕላስተር ይለጥፉና የጨርቁን ጠርዝ በእሱ ያስኬዱ።

ትርፉን ሁሉ ወደ ደማቁ ካሬ አጥፈው በካውያ ይጫኑ። እንዲህ ሲደረግ የአንዱ ረድፍ ትርፍ ከቀጣዩ በተቃራኒ ስለሚተኛ ማዕዘኖቹ ሳይዛነፉ ይገጥማሉ። ካውያውን እያነሱ ይጫኑ፤ መጎተት ካሬውን ያጣምማል።

መደረብ፦ ገበሩን ፊቱን ወደ መሬት አድርገው ወጥረው ያንጥፉ፣ ጋቢውን ከላዩ፣ የተገጣጠመውን በመጨረሻ ይደርቡ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ በረጃጅም ጊዜያዊ የእጅ ስፌት ይሸልሉት። ይህን ዘሎ ወደ መኪና የሄደ ሰው ገበሩ ተጨማዶ ያገኘዋል፤ ያኔ መፍታት ነው።

በ3 ሚሊ ሜትር ስፌት ከካሬዎቹ መጋጠሚያ ግራና ቀኝ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ርቀት ሦስቱንም ድርብ ይስፉ። ከመሃለኛው መስመር ይጀምሩ፣ ሁሉንም ከአንድ አቅጣጫ ያስኬዱ፤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ከተሰፋ ጨርቁ ይጣመማል። በጋቢ ፈንታ የተባዘተ ጥጥ ካስገቡ በመስመሮቹ መካከል ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ አይተዉ፣ በመጀመሪያው እጥበት ይቋጠራል።

ጠርዝ፦ ትርፉን ገበርና ጋቢ ቆርጠው 38 በ158 ያድርሱት። ጥብጣቡን በቁመቱ አጥፈው በካውያ ይጫኑ፣ ጥሬ ጠርዙን ከፊት በኩል አስተካክለው በ1 ሴንቲ ሜትር ይስፉ። ማዕዘን ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ይቁሙ፣ ጥብጣቡን ወደ ላይ ከዚያ ወደ ታች አጥፈው ይቀጥሉ። ወደ ጀርባ የዞረውን በእጅ ቢሰፉት ያምራል።

ለአራስ ጥየቃ ከሆነ በዚሁ አሠራር 7 በ8፣ ማለትም 56 ካሬ ቢገጥሙ ከነጠርዙ 86 በ98 የሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ ይወጣዎታል። ተቀባይዋ ደሴ ከሆነችና ጊዜው ክረምት ከሆነ ለመሃሉ ከጋቢው አንዱን ድርብ ብቻ ያስገቡ፤ በዚያ ጉም ወፍራሙ ሳይደርቅ ይሻግታል። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ቶሎ ይደርቃል።