የደም ግንደ ሕዋስን በቤተ ሙከራ ለማስገኘት የፅንሱን መልእክቶች በየሰዓታቸው መስጠት

ወደ ማንኛውም የሰውነት ሕዋስ መለወጥ ከሚችሉ የሰው ግንደ ሕዋሳት የደም ግንደ ሕዋስ ለማስገኘት የሚነሣ ተመራማሪ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አንዱ መልእክት፣ ማለትም ሕዋሱ ምን መሆን እንዳለበት የሚነግረው ምልክት፣ ዛሬ የሚጠቅመውን ያህል ከቀናት በኋላ ሊጎዳ እንደሚችል መገንዘብ ይኖርበታል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው የፅንሱን የቀን ቅደም ተከተል በማጥናት ነው። በሰው ፅንስ የመጀመሪያዎቹ የደም ሕዋሳት በ3ኛው ሳምንት ከፅንሱ ጋር በተያያዘው የአስኳል ከረጢት ውስጥ ይታያሉ፤ ዕድሜ ልክ ደም የሚያመርቱት ግንደ ሕዋሳት ግን በ5ኛው ሳምንት ገደማ በፅንሱ ጀርባ በኩል ከሚያልፈው ትልቅ የደም ሥር፣ ከጀርባ አኦርታ፣ በሆድ በኩል ካለው ግድግዳ፣ ይወጣሉ።

በመጀመሪያ ቢኤምፒ4 የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን በመስጠት ሕዋሳቱን ወደ ሜሶደርም፣ ማለትም ደምና የደም ሥር ወደሚገኙበት የፅንሱ መካከለኛ ንብርብር፣ ይምሩ። እጅግ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ዊንት የተባለው መልእክት ሲነቃና አክቲቪን የተባለው መልእክት ሲታገድ ሕዋሳቱ ወደ ዘላቂው ደም ያመራሉ፣ አክቲቪን ሲበረታ ግን ወደ አስኳል ከረጢቱ ደም ያዘነብላሉ። በዚሁ ደረጃ ሲዲ235ኤ የተባለውን የሕዋስ ገጽ ፕሮቲን ይለኩ፤ ሜሶደርሙ በብዛት ከተሸከመው መንገዱን ስቷልና ሙከራውን እንደገና መጀመር ይሻላል። የቫይታሚን ኤ ተዋጽኦ የሚሰጠውም በሜሶደርም ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከሜልበርን የታተመ ጥናት፣ በዚህ መንገድ የተገኙ ሕዋሳት በአይጥ መቅኔ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ደም ማምረት እንደቻሉ አሳይቷል።

ቀጥሎ ቪኢጂኤፍና ኤፍጂኤፍ2 የተባሉት የእድገት ፕሮቲኖች የደም ሥር ሕዋሳትን ያበዛሉ። ኖች የተባለው መልእክት ሕዋሱ የአርተሪ (ደም ከልብ የሚወስድ የደም ሥር) ጠባይ እንዲይዝ ያስፈልጋል፤ እንደ በረታ ከቆየ ግን ሕዋሱን የደም ሥር ግድግዳ ሆኖ እንዲቀር ያደርገዋል። ከግድግዳው ተላቅቆ ደም ለመሆን የግድ ራንክስ1 የተባለው ጂን መሥራት አለበት። በፅንሱ ውስጥ ይህን ጂን ከሚቀሰቅሱት መካከል የደሙ ፍሰት በግድግዳው ላይ የሚያሳድረው ግፊያ ይገኝበታል፤ ልብ መምታት መጀመሩ ራሱ ለሕዋሳቱ መልእክት መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ውጤቱን በሲዲ34 ብቻ አይመዝኑት፤ የደም ሥር ሕዋሳትም ይህንኑ ፕሮቲን ይሸከማሉ። በሳሕን ላይ የሚበቅሉ የደም ሕዋስ ስብስቦችም ቢሆኑ በቂ ማስረጃ አይሆኑም። ሕዋሳቱን የመከላከል አቅም ወደሌላቸው አይጦች አዛውረው ቢያንስ 16 ሳምንት ከጠበቁ በኋላ፣ ሁሉም የደም ዘሮች (የደም ሕዋስ ዓይነቶች) መገኘታቸውን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ሕዋሳቱ በዘላቂነት ደም ማምረት መቻላቸውን ለማየት ከእነዚሁ አይጦች መቅኔ ወስደው ወደ ሌሎች አይጦች በድጋሚ ያዛውሩ።