ኦል ስታር ስትመርጡ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

አንገቱ ረጅም የሆነው ኦል ስታር፣ የኮንቨርስ ሸራ ጫማ፣ ገበያ ላይ የወጣው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ለቅርጫት ኳስ። ዛሬ ለኳስ የሚገዛው ሰው ብርቅ ነው። እኛ ግን አሁንም ከዘመኑ የስፖርት ጫማ ጋር እያወዳደርን እንፈርድበታለን።

የሩጫ ጫማ ቁጥር መስጠት። አሜሪካ ያለች እህት ደውላ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ስትል፣ ብዙ ሰው የሚነግራት የሩጫ ጫማውን ቁጥር ነው። ዕቃው ሲመጣ ይሰፋል። ኦል ስታር አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ቁጥር ያህል ስለሚተልቅ፣ እግራችሁ ሰፊ ካልሆነ ዝቅ በሉ። የወንድና የሴት ቁጥሩም በ2 ይለያያል፤ የወንድ 8 ማለት የሴት 10 ነው። «8 ላኪልኝ» ብቻ ማለት ጣጣ ያመጣል።

አፍንጫውን በአውራ ጣት መጫን። ሻጩም ገዢውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የዚህ ጫማ አፍንጫ ግን ደረቅ ጎማ ስለሆነ፣ ጣታችሁ ውስጥ የት ጋ እንዳለ አይነግራችሁም። ይልቅ ማሰሪያውን አላሉና እግራችሁን እስከ ጫፍ ወደፊት ግፉት። ከተረከዛችሁ ኋላ አመልካች ጣት ከገባ ጥሩ ነው። ከዚያ አስራችሁ ተራመዱ። ሸራውና ጎማው የሚገናኙበት መስመር ትንሿን ጣት ከፋቃት ተዉት። ሻጩ «ሲለበስ ይለቃል» ይላችኋል። ሸራው እውነትም ይለሰልሳል፤ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም።

ምቾቱን ምንጣፍ ላይ መለካት። ምንጣፍ ላይ የማይመች ጫማ የለም። ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ውጡ። ሶሉ ዝርግ ነው፤ መሀል እግርን ደግፎ የሚይዝ ነገር የለውም። ቡና ጠጥቶ ለሚመለስ ችግር የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ግን ማታ ተረከዙ ይናገራል። የሚገርመው፣ ጂም ውስጥ ክብደት የሚያነሱ ሰዎች የሚወዱት ለዚሁ ዝርግነቱ ነው። ለእግራችሁ የምትሳሱ ከሆነ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቸክ 70 የተባለውን የዚሁ ጫማ ዓይነት እዩት። ሸራው ወፈር ያለ ነው፣ የውስጥ ስፖንጁም ይሻላል፤ ዋጋውም እንደዚያው።

አንገቱ ቁርጭምጭሚት ይጠብቃል ብሎ ማመን። ስስ ሸራ ወለምታ አያስቀርም። አጥብቆ ማሰርም ትርፉ ጅማትን መፋቅ ነው፤ የላይኛውን ቀዳዳ ባዶ ተዉት።

ከላይ ወደታች እያዩ መወሰን። ጎንበስ ስትሉ የምታዩት ነጩን አፍንጫ ብቻ ነው፤ እግርም ረጅም ይመስላል። ሌላው ሰው የሚያየው ግን ጎኑን ነው። ሙሉ መስታወት ፊት በጎን ቁሙ፣ የምታዘወትሩትንም ሱሪ ልበሱ። ሰፊ ሱሪ አንገቱን ከሸፈነው ለረጅሙ አንገት መክፈል ለምን? በቁምጣ ደግሞ አጠር ያለን ሰው ይበልጥ ያሳጥራል። በእኔ ዓይን የሚያምረው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልቅ ጅንስ ነው።

ለክረምት መግዛት። በውስጥ ጎኑ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች አየር ያስገባሉ፤ የአዲስ አበባን ዝናብም አይመልሱም። ሲቆሽሽ በረኪና አታስነኩት። ነጩ ጎማ ወደ ቢጫ ይሄዳል።