ማሳን በሰባተኛው ዓመት ማሳረፍ፦ ለሐረር ዙሪያ ገበሬ

ኦሪት ዘሌዋውያን 25 በሰባተኛው ዓመት እርሻ እንዳይዘራ፣ የወይን ተክልም እንዳይገረዝ ያዛል። ዘጸአት 23 ደግሞ በራሱ የበቀለውን ድሃ ይብላው፣ የተረፈውን የዱር እንስሳ ይብላው ይላል። ትእዛዙ የተሰጠው ለእስራኤል ነው፤ አገሩም በሙሉ በአንድ ዓመት ያርፍ ነበር። ሐረር ዙሪያ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ሰው ይህን እንዳለ ቢያደርገው ልጆቹ ይራባሉ። ስለዚህ ማሳውን ሰባት ቦታ ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ማሳረፍ ይሻላል። ይህ አተገባበር ነው እንጂ የሕጉ ቃል አይደለም።

70 በ70 ሜትር የሆነ ማሳ 10 ሜትር ስፋት ያላቸው ሰባት ቁራጮች ይወጡታል። ቁራጮቹ ተዳፋቱን አግድም ያቋርጡ፤ መስመሩን በውሃ ልክና በሲባጎ ያውጡ፤ በየቁራጩ ታችኛ ጠርዝ እርከን ይሥሩ። እርከን የሌለው ተዳፋት ባዶውን ከከረመ የበልግ ዶፍ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

ያልተዘራ መሬት «ፆም አደረ» ይባላል። እዚህ ግን የምንፈልገው የሚመገብ መሬት ነው፤ ሥራው የሚጀመረውም በየቁራጩ ስድስተኛ ዓመት፣ ማለትም ከሚያርፍበት ዓመት በፊት ባለው ነው። በሐምሌ መግቢያ፣ የማሽላው አረም ሲታረም፣ በየሁለተኛው የማሽላ መስመር መሃል የእርግብ አተር (ዓመት አልፎ የሚቆም ቁጥቋጦ መሰል ጥራጥሬ) ይዝሩ፦ በጉድጓድ ሁለት ፍሬ፣ በየ50 ሳንቲ ሜትር፣ ከ3 ሳንቲ ሜትር ሳይጠልቅ። ለአንድ ቁራጭ ሩብ ኪሎ ዘር ይበቃል። ማሽላው ታጭዶ ሲነሳ አተሩ ቆሞ ይቀራል፤ በሰባተኛው ዓመት ማንም ሳይዘራ መሬቱ ይሸፈናል። ከአገዳው ግማሹን ለከብትና ለማገዶ ወስደው ግማሹን በተዳፋቱ አግድም ያንጥፉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአቀንጭራ፣ በማሽላና በመሰል እህሎች ሥር ላይ ተጣብቆ በሚኖረው ጥገኛ አረም ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዕረፍት ብቻውን አያጠፋውም። የሚነቃው እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር ሲጠጋው ነው። ከጉቶው ያቆጠቆጠውንና ከወደቀ ፍሬ የበቀለውን ማሽላ ካልነቀሉ ያረፈው ቁራጭ አቀንጭራውን ሲቀልብ ይከርማል። ሐምራዊ አበባው ሳይፈካ ከነሥሩ ይንቀሉ፤ ከፈካ በኋላ የተነቀለውን ያቃጥሉ እንጂ ማሳው ላይ አይጣሉት።

የአተሩ እሸት ለችግረኛ ጎረቤት ነው። ዘሌዋውያን 25 መጻተኛውንም ስለሚጠቅስ እምነቱን መጠየቅ አይገባም። ፍየሎች ግን አይለቀቁ፤ እርጥብ አፈር በኮቴ ከተረገጠ ይጠጥራል፣ ውሃም አያሰርግም። ቅጠሉን አጭዶ ወስዶ መስጠት ይሻላል። ማሳው ላይ የቆመ ግራር ካለ አይቁረጡት። በተለይ በክረምት ቅጠሉን የሚያራግፈው ዓይነት ማሽላውን ጥላ አያለብሰውም፤ የረገፈው ቅጠልም አፈሩን ያለማል። ዘዳግም 20 ከተማ በጦር ሲከበብ እንኳ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ ይከለክላል።

ጫትና ቡና የያዘውን መሬት ለጊዜው ይተዉት፤ በእህሉ ማሳ ይጀምሩ።

ዕረፍቱ ሲያበቃ፣ በየካቲት፣ የእርግብ አተሩን ከመሬት ልክ ይቁረጡ። ሥሩ ይቅር፣ ቅጠሉ ይነጠፍ፣ ግንዱ ማገዶ ይሁን፤ እንጨት ሲገኝ እበቱ ለማሳው ይተርፋል። በበልግ አንድ ጊዜ ብቻ አርሰው ማሽላ ይዝሩ። ተረኛው ቁራጭ ላይ የእርግብ አተሩ ባለፈው ሐምሌ ተዘርቶ መቆየት አለበት፤ ያ ሐምሌ ካመለጠ ግን ቁራጩን ባዶውን ከማሳረፍ ዕረፍቱን በአንድ ዓመት ማዘግየት ይመረጣል።