የችፌ ቅባት ሲቀቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት እናት ከሁለት ወር በፊት ከምሠራበት መድኃኒት ቤት የወሰደችውን የ1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲዞን ቱቦ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና «አልሠራለትም፤ ጠንከር ያለ ስጡኝ» አለችኝ። ቱቦውን ሳነሣው ገና ሙሉ ነው። «እስኪ እንዴት እንደሚቀቡት ያሳዩኝ» አልኳት። በትንሿ ጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ በማከክ ብዛት የሻከረውን የልጇን ክንድ በዚያች ልታዳርስ ሞከረች። «ቆዳ ያሳሳል ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች።

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ይኸው በፍርሃት መቆጠብ ነው። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ እመለስበታለሁ። ሃይድሮኮርቲዞን ግን ስቴሮይድ ከሚባሉት፣ የቆዳን ቁጣ ከሚያበርዱት ቅባቶች የደካሞቹ ወገን ነው፤ ከሚገባው በታች ሲቀባ ማሳከኩን አያስታግሰውም። ልኩ እንዲህ ነው፦ ቅባቱን ከአዋቂ ሰው አመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ በመስመር ያውጡት። ግማሽ ግራም ያህል ይሆናል፤ ጣቶችን ጨምሮ የአዋቂ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቆዳ ያዳርሳል።

ማሳከኩ ጋብ ባለ ቀን ማቆምም ችፌውን በሳምንቱ ይመልሰዋል። ማሳከኩ የቆዳው ቁጣ ሳይበርድ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ቦታውን ዓይንዎን ጨፍነው ይዳስሱት፤ ከሻከረና ከጠነከረ ገና ነው። ሐኪሙ በነገረዎት መሠረት፣ ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ እስኪለሰልስ ይቀጥሉ። ከለሰለሰ በኋላ የሚቀረው ጠቆር ያለ ምልክት ግን በሽታው አይደለም። በእኛ ቆዳ ላይ ለወራት ይቆይና በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ እሱን ለማጥፋት ብሎ ስቴሮይድ መቀባት ትርፉ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። እውነተኛው አደጋ ያለው ብርቱውን ቅባት በማይገባው ቦታ፣ ለማይገባው ጊዜ መቀባት ላይ ነው። ክሎቤታሶል ከሁሉም የብርቱዎቹ ወገን ነው፤ ያለ ሐኪም ክትትል ከ2 ተከታታይ ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም ማለፍ የለበትም። ይህንኑ ቅባት «ያቀላል» ተብለው ፊታቸውን በየቀኑ ለወራት የቀቡ ወጣት ሴቶች መስኮቴ ላይ ይመጣሉ። ቆዳቸው ሳስቶ የደም ሥሩ ይታያል፤ ብጉር ወርሶታል፤ ሊያቆሙት ሲሞክሩ እንደ እሳት ይለበልባቸዋል። እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። የፊት፣ የብብትና የብሽሽት ቆዳ ስስ ነው፤ ለእጅ መዳፍ የታዘዘ ቅባት እዚያ አይነካም። ከጎረቤት የተዋሱትም እንደዚያው።

የሚያሳክክ ሁሉ ችፌ አለመሆኑም ይረሳል። ጭርት ላይ ስቴሮይድ ቢቀባ ማሳከኩ ይታገሣል፤ ክብ ቅርጹም ይደበዝዛል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር እየተስፋፋ ይሄዳል። ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ የሚወጣ፣ ሌላውንም የቤተሰብ አባል የጀመረው ከሆነ እከክን ይጠርጥሩ። እሱ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ይታከማል።

ስቴሮይዱን ብቻ ተማምኖ እንደ ቫዝሊን ያለውን የቆዳ ማለስለሻ መተው ደግሞ የቀዳዳ እንስራ ሥራ ነው። ችፌ ያለበት ቆዳ እርጥበቱን አይዝም፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ያሳክካል። ለብ ባለ ውኃ አጠር አድርገው ይታጠቡ፣ በፎጣ ሳያሹ ጫን ጫን አድርገው ያድርቁ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ይቀቡ። ሽታ የሌለው ይሻላል። ስቴሮይዱንና ቫዝሊኑን በአንድ ጊዜ አይደራርቧቸው፤ በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ግን የቆሰለ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ እባክዎ አያስነኩት።

የአለርጂ ክኒን የችፌን ማሳከክ እምብዛም አያስታግስም፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ዓይነት ቢበዛ ለጥቂት ሌሊት ያስተኛል።

ችፌው በድንገት ከማሳከክ አልፎ ማመም ከጀመረ፣ ውኃ የቋጠሩ ተመሳሳይ ትናንሽ ሽፍታዎች ካወጣና ትኩሳት ከተከተለ፣ ቅባቱን ማፈራረቅ ይቅር፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ይህ ሄርፒስ ቫይረስ የገባበት ችፌ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በሕፃን ላይ እስከ ነገ አይባልም።