የንግድ ምልክትን ለሌላ አምራች በፈቃድ ውል እንዴት መስጠት ይቻላል?

ስሙ የታወቀ ድርጅት ራሱ ፋብሪካ ሳያቋቁም አዲስ ዓይነት ምርት ለገበያ ማቅረብ ሲፈልግ፣ የንግድ ምልክቱን ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ አምራች በውል ሊፈቅድ ይችላል። ምልክቱ አይሸጥም፤ ባለቤትነቱ በፈቃድ ሰጪው እጅ ይቆያል፣ ፈቃድ ተቀባዩም ስለተጠቀመበት ሮያሊቲ ይከፍላል።

በመጀመሪያ ምልክትዎ በየትኛው አገርና ለየትኞቹ ዕቃዎች እንደተመዘገበ ያረጋግጡ። በርካታ አገሮች ለንግድ ምልክት ምዝገባ የሚከተሉት የኒስ ምደባ የተባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ዕቃዎችን በ34፣ አገልግሎቶችን በ11 መደቦች ይከፍላል። ስለዚህ በ25ኛው መደብ ለልብስ ብቻ የተመዘገበን ስም ለአሻንጉሊት አምራች ከመፍቀድዎ በፊት በ28ኛው መደብም ማስመዝገብ ይበጃል።

ቀጥሎ ክፍያውን ይወስኑ። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1929 የሚኪ ማውስ ምስል በመጻፊያ ደብተር ላይ እንዲወጣ የፈቀደው በ300 ዶላር ነበር። ዛሬ የተለመደው ግን ከተጣራ ሽያጭ በመቶኛ የሚታሰብ ሮያሊቲ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር ሽያጩ ቢቀንስም የማይቀር ዝቅተኛ የዋስትና ክፍያ ይጠየቃል። ለምሳሌ ሮያሊቲው 8 በመቶ፣ የተጣራ ሽያጩ 1,000,000 ዶላር፣ ዋስትናው ደግሞ 100,000 ዶላር ቢሆን፣ አምራቹ በስሌት ከሚደርስበት 80,000 በተጨማሪ የጎደለውን 20,000 ይሞላል። «የተጣራ» ሲባል የትኞቹ ቅናሾችና ተመላሾች እንደሚቀነሱ በውሉ ካልተዘረዘረ ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎች በመቶኛው ላይ ለሳምንታት ተከራክረው የጥራት ቁጥጥሩን አንቀጽ በሁለት መስመር ያልፉታል፤ በእኔ እምነት ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ ምክንያቱም ሸማቹ ዕቃው ቢበላሽበት የሚወቅሰው ስሙ የተጻፈበትን ድርጅት እንጂ የማያውቀውን ፋብሪካ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ባለቤቱ ጥራቱን ሳይቆጣጠር የሰጠው ፈቃድ ምልክቱን እንደተወው ሊያስቆጥርበት ይችላል። ስለሆነም ንድፉን፣ የመጀመሪያውን ናሙና እና ከምርት መስመሩ የወጣውን ዕቃ በየደረጃው እየመረመሩ በጽሑፍ ያጽድቁ፤ ፋብሪካውን የመጎብኘትና የሽያጭ መዝገቡን በኦዲተር የማስመርመር መብትዎም በውሉ ይስፈር።

የሽያጭ ክልሉ፣ የውሉ ዘመንና ፈቃዱ ለአንድ አምራች ብቻ መሆን አለመሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ውሉ ሲያበቃ የተረፈው ዕቃ በስንት ወር ውስጥ ተሸጦ እንደሚያልቅና ምልክቱ የተቀረጸባቸው የማምረቻ ቅርጾች እንደሚመለሱ ወይም እንደሚወገዱ አስቀድመው ይስማሙ።